ጥያቄና መልስ፦ ካንሰር የያዘው ወጣት ጓደኛ የት ያግኝ?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ሆጅኪን ሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢ ካንሰር) ተገኝቶብኝ በየሁለት ሳምንቱ ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) እወስዳለሁ። አብረውኝ የሚታከሙት ሁሉ እናቶችና አባቶች ናቸው፤ የእኔ ዕድሜ ሰው የለም። ቴሌግራም ላይ የታካሚዎች ግሩፕ እንዳለ ሰማሁ፤ ግን ሰፈር ውስጥ እንዳይወራብኝ ፈራሁ። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ግቢ። መጀመሪያ ግን ስልክሽን አስተካክዪ። ዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ ቁጥርሽ ለአባላቱ ይታያል፤ ቴሌግራም ላይ ግን መደበቅ ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ግቢና «ፎን ነምበር» የሚለውን «ኖባዲ» አድርጊው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «ኖባዲ» ስትይ ከሥሩ በቁጥርሽ ማን ሊያገኝሽ እንደሚችል የሚጠይቅ ሁለተኛ ምርጫ ይመጣል፤ እሱንም «ማይ ኮንታክትስ» አድርጊው። ይህ ከቀረ ቁጥርሽን የያዘ ጎረቤት ግሩፑ ውስጥ ሲያይሽ ያውቅሻል። አንቺም የእሱን ቁጥር መዝግበሽ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን ከስልክሽ ማጥፋት አለብሽ። ስምሽንና ፎቶሽን መቀየርም አትርሺ።

ከገባሽ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሳትጽፊ አንብቢ። ማን ይመልሳል? የሚሸጥ ነገር አለ? አድሚኑ የተሳሳተ ምክር ሲጻፍ ዝም ይላል? ግሩፕ በጣም ጥሩ አድርጎ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ቀዩን የኪሞ መድኃኒት (ዶክሶሩቢሲን) የወሰደ ሰው በማግስቱ ሽንቱ ቀልቶ ሲያይ ደም መስሎት ይደነግጣል፤ ያለፈበት ሰው ግን «የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል» ብሎ በአንድ መስመር ያሳርፈዋል። (ከዚያ ካለፈ ወይም ሲሸና ካቃጠለ ለሐኪም ይነገራል።) አፍ ሲቆስል አንድ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ሶዳ በጥብጦ በቀን ደጋግሞ መጉመጥመጥ እንደሚረዳ፣ በርበሬ ትቶ አልጫ መብላት እንደሚሻል የሚነግርሽም ያየው ሰው ነው።

ትኩሳት ግን የግሩፕ ጥያቄ አይደለም። ኪሞ ከወሰድሽ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ ይላል፤ በዚያ ጊዜ ኢንፌክሽን ቢገባ መግልም እብጠትም ላይኖረው ይችላል፣ ምልክቱ ትኩሳት ብቻ ይሆናል። ቴርሞሜትር ግዢ። 38 ካነበበ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ፓራሲታሞል ወስዶ መጠበቅ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም። «እናንተስ እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ?» ብለሽ ጽፈሽ መልስ የምትጠብቂበት ሰዓት ሕይወት ያስከፍላል።

በእናት ፊት የማይጠየቀውንም ከእኩዮችሽ ጋር ታወሪዋለሽ፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚወራ ስሕተት ስላለ እናርመው። በኪሞ ጊዜ የወር አበባ ቆመ ማለት አይጸነስም ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጽንስን ይጎዳል። የትኛው መከላከያ እንደሚስማማሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ገና ያልጀመሩ ወጣቶች ካገኘሽም ስለ ልጅ መውለድ ከመጀመሪያው ኪሞ በፊት እንዲጠይቁ ንገሪያቸው።

ትልቁ ግሩፕ ውስጥ የዕድሜሽ ሰው ከጠፋ የራሳችሁን ክፈቱ። የጽዋ ማኅበር በአሥራ ሁለት ሰው እንደሚበቃው ሁሉ ይህም ከዚያ ባይበልጥ እንመክራለን፤ አንድ ሰው ዝም ሲል የሚታወቀው ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ነው። ግሩፑን «ፕራይቬት» አድርጉት፣ መግቢያ ሊንኩ የአድሚን ፈቃድ ይጠይቅ፣ አዲስ ገቢ የቀድሞውን ጽሑፍ እንዳያይ ሂስትሪው ይደበቅ። አድሚን ሁለት ይሁን፤ የኪሞ ሳምንታቸው የማይገጥም ሁለት ሰዎች። ብቸኛው አድሚን ታሞ ሲተኛ ግሩፑ ሊሞት ስለሚችል ይህን እንደ ቀላል አትዩት። በሳምንት አንድ ቀን በታወቀ ሰዓት በድምፅ ተገናኙ፤ ማውራት ያልቻለ ያዳምጣል። የመድኃኒት መጠን መንገር፣ መሸጥና የሌላ ሰው ፎቶ ማውጣት ግን ከመጀመሪያው ቀን ክልክል ይሁን።

ጥያቄ፦ የ20 ዓመት ልጄ የአጥንት ካንሰር አለበት። ሌሊቱን ግሩፕ ላይ ነው የሚያድረው። ባለፈው ሳምንት ከመካከላቸው አንዱ ልጅ አረፈ፤ ከዚያ ወዲህ እህል አይቀምስም። ደግሞም አንድ ሰው ኪሞውን ትተህ ቅጠል ጠጣ እያለ በውስጥ መስመር ይጽፍለታል። ስልኩን ልቀማው?
(እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ስልኩን አይቀሙት፤ ብቻውን ይቀራል። ልጅዎ ሐዘን ላይ ነው፤ ነገር ግን ድንኳን አልተጣለለትም፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ያለውም የለም። ቡና አፍልተው አጠገብዎ ያስቀምጡትና ስለ ጓደኛው ይጠይቁት። ስሙ ማን ነበር? ምን ይጫወቱ ነበር? ለቤተሰቡ መደወል ወይም ለቅሶ መድረስ ከቻለ ይድረስ። ግሩፑን ለጥቂት ቀን «ሚዩት» ያድርገው እንጂ አይውጣ። ሳይናገር የሚፈራው «ቀጣዩ እኔ ነኝ» የሚለውን ነው፤ የአንዱ ሰው ካንሰር ምን ያህል እንደተሰራጨና ለመድኃኒቱ እንዴት እንደመለሰ ከሌላው እንደሚለይ ሐኪሙ በራሱ ፋይል ላይ ተመርኩዞ እንዲያስረዳው ይጠይቁ። እንቅልፍና ምግብ እንደጠፋ ሁለት ሳምንት ከሞላው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ስለ መሞት ከተናገረ ግን በዚያው ቀን።

ቅጠሉን በተመለከተ እንማጸንዎታለን፣ እንዳያስጠጡት። ለአጥንት ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሲስፕላቲን ኩላሊትን ይጎዳል፣ ሜቶትሬክሴት ደግሞ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ኩላሊቱን ካደከመው መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ተከማችቶ መርዝ ይሆንበታል። ጸበልና ጸሎት ኪሞ እንዲቋረጥ አያስገድዱም፤ ነጭ የደም ሕዋሱ በሚወርድበት ሳምንት ግን ከግፊያ ይራቅ። ለሚጽፍለት ሰው መልስ አይስጥ። መጀመሪያ ስክሪንሾት ያንሳ፣ ለአድሚኑ ይላክ፣ ከዚያ «ሪፖርት» እና «ብሎክ» ያድርገው።

ለሕክምና አዲስ አበባ ስትመላለሱ ማደሪያ ካስቸገራችሁ፣ በአራት ዓመቱ በደም ካንሰር ባረፈ ሕፃን ስም የተቋቋመውን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ታካሚዎችን ያሳርፋል።

ጥያቄ፦ የግል ድርጅት ውስጥ አብሮን የሚሠራ ልጅ ካንሰር ተገኘበት። ከሥራ ያባርሩኛል ብሎ ተደብቆ ይታከማል። ምን እናድርግለት?
(ከአዳማ)

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ተደብቆ ከቀረ ግን ያለ ፈቃድ እንደቀረ ይቆጠርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ንገሩትና ማስረጃውን እንዲያስገባ አብራችሁት ሂዱ። ለማን ምን እንደሚነገር እሱ ይወስን። መዋጮውን ደግሞ በድንጋጤው ሳምንት አሟጣችሁ አትስጡ፤ ደመወዙ ለሚቆምባቸው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር አከፋፍሉት።