ከፎቶው ጀርባ

ይድረስ ጋለሪ ለመክፈት ለምታስቡ፣ ከፍታችሁም ገና ሁለት ሦስት ዐውደ ርዕይ ላሳያችሁ ልጆች፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አልወጣም ብሎኛል። ከእናንተ አንዷ ባለፈው ሰሞን «እትዬ፣ የጋለሪያችንን አምስተኛ ዓመት በቡድን ዐውደ ርዕይ ልናከብር ነው፤ ምን ይመክሩናል?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱን ለእሷ ብቻ ከምልክ ለሁላችሁም ይድረስ ብዬ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆላንድ አገር ስሠራ አንድም ቀን ሥዕል አልሳልኩም፤ ምን ይሰቀል ብዬም አልመረጥኩም። መዝገብ ያዥ ነበርኩ። የጥበብ ሥራው ለዐውደ ርዕይ ሲመጣ ሳጥኑን ከፍቼ ጭረቱንና ስንጥቁን እቆጥራለሁ፣ እጽፋለሁ፤ ሲመለስ ያንኑ ወረቀት ይዤ እንደገና ቆጥሬ አሽጋለሁ። ሆላንዶች ኢንዶኔዢያን ለብዙ ዘመን ስለገዙ ከዚያ የሚመጣ ሥራ በእጄ ብዙ አልፏል፤ በዚያው ሰበብ እኔም ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ስመላለስ ኖርኩ። ምክሬም የሚቀዳው ከዚያ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሁለቱን እያቀላቀልኩ ላደናግራችሁ አልፈልግም።

እዚያ አንድ ጋለሪ ነበር፤ ስሙንም ከተማውንም አልጠራም። ሃያኛ ዓመቱን በቡድን ዐውደ ርዕይ ሊያከብር ከስድስት አገር ዐሥራ አራት ሠዓሊዎች ጋብዞ፣ እኔን ለስድስት ሳምንት እንዳግዝ ጠራኝ። ባለቤቱ ለጋስ ሰው ነው፤ ምሳ ሳያበላ ሥራ አያሠራም። «አንዱን ክፍል ለመጀመሪያው ዐውደ ርዕያችን እንስጠው፤ ከየት እንደተነሣን ሰው ይወቅልን» አለኝ። ደስ አለኝ። «ፋይሉ የታለ?» ስለው የብስኩት ቆርቆሮ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ሰባት ፎቶ፣ ምስጥ ጠርዙን የበላው የጥሪ ካርድና የመጠጥ ደረሰኝ አለ። ምን ተሰቀለ፣ ማን ገዛ፣ በስንት ገዛ፣ ዛሬ የት ነው ያለው? አንዲት መስመር የለም። የቢራው ሒሳብ ግን እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል።

ከሰባቱ ፎቶ አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሦስት ወጣቶች ትልቅ ሸራ ሥር ቆመዋል፤ አንዱ ባዶ እግሩን ነው፣ መሐል ያለችው መዶሻ ይዛለች፣ ሦስተኛው ወደ ሥዕሉ ስለዞረ የሚታየው ማጅራቱ ብቻ ነው። ጀርባውን ገለበጥኩት። ባዶ።

ባለቤቱ ማማረር ጀመረ። መንግሥት ታሪካችንን አይጽፍልንም፣ ጋዜጠኛው አይመጣም፣ ሠዓሊዎቹም ስም ሲያወጡ ይረሱናል። እኔ ዝም ብዬ ሰማሁት፤ በልቤ ግን ቼመቲን እያሰብኩ ነበር።

«ቼመቲ» በኢንዶኔዢያ ቋንቋ ጅራፍ ማለት ነው። ዮግያካርታ በምትባል የጃቫ ደሴት ከተማ ሜላ ያርስማ የተባለች በሆላንድ የተወለደች ሠዓሊና የጃቫው ሠዓሊ ኒንዲትዮ አዲፑርኖሞ በ1988 በሚኖሩበት ቤት የፊት ክፍል የከፈቱት ጋለሪ ነው። ጄኔራል ሱሃርቶ የተባለው አምባገነን ፕሬዚዳንት አገሩን አንቆ የያዘበት ዘመን ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን የሆነውን ሁሉ የማስቀመጥ ልማድ ነበራቸው። በ1995 ለሰነድ ማሰባሰቢያ የሚሆን ፋውንዴሽን ከጋለሪው ጎን አቆሙ፤ እሱ በ2007 ራሱን የቻለ የኢንዶኔዢያ የምስል ጥበብ መዝገብ ቤት ሆነ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ የሚያንኳኳው አንዱ በር የዚያ መዝገብ ቤት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንል የለ? እዚህ ግን ስሙ ጅራፍ የሆነው ድምፁን አጥፍቶ ሲመዘግብ፣ የሚጮኸው ባለ ብስኩት ቆርቆሮው መሆኑ አሳቀኝ።

አሁን ወደ ስም ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ፤ የቆሰልኩበት ጉዳይ ነው። ሆላንድ እንደገባሁ የአባቴን ስም «የቤተሰብ ስም» አደረጉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ «ወይዘሮ» ብለው አባቴን በጠሩ ቁጥር አባባ ቀሚስ ለብሶ ከጎኔ የቆመ ይመስለኛል። የእኛ ስም የራስና የአባት እንጂ የዘር ስም የሌለው መሆኑን ሳስረዳ ደከመኝ። ያ ድካም ግን ለሥራዬ ዐይን ሆነኝ። በርማዎችም እንደኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ሠዓሊው ቴይን ሊን ከነሙሉ ስሙ ቴይን ሊን ነው፤ «ሊን» ብሎ ማሳጠር ሰውየውን መቁረጥ ነው። ጃቫ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው ሞልቷል፤ በ1990 የሞተው ትልቁ ሠዓሊ አፋንዲ፣ አፋንዲ ነው፤ አለቀ። ታይላንዶች የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ነገር ግን የሚጠሩት በራሳቸው ስም ነው። ቬትናሞች የቤተሰቡን ስም ያስቀድማሉ፤ ሰውየው የሚጠራው ግን በመጨረሻው ነው።

የዚያ ጋለሪ ኮምፒውተር ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ አላሳልፍም ይላል። ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? አንድ ስም ላለው ሠዓሊ ያንኑ ስም ሁለት ጊዜ ጻፈችለት። ካታሎጉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ደረስኩበት። ስልክ ደውዬ «ስምህ እንዴት ይጻፍልህ?» ስለው ሳቀና «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። ከዚያ ዐሥራ ሦስቱም ጋ ደወልኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በዚያ ዐውደ ርዕይ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው።

ስም ቀልድ የማይሆንበትም አለ። ኤፍ. ኤክስ. ሃርሶኖ በ1949 ብሊታር በምትባል የጃቫ ከተማ ከቻይናውያን ቤተሰብ ተወለደ። በሱሃርቶ ዘመን የቻይና ዘር ያላቸው ዜጎች ስማቸውን በኢንዶኔዢያ ስም እንዲለውጡ ሲገፉ እሱም ለወጠ። በ2011 በሠራው ቪዲዮ ተቀምጦ ፊቱ ባለው ግልጽ መስታወት ላይ የቻይና ስሙን በብሩሽና በጥቁር ቀለም ደጋግሞ ይጽፋል፤ ከላይ ውኃ እየወረደ ቀለሙን ያጥበዋል፤ እሱ መጻፉን አያቆምም። ይህን ሰው ወደዚህ ጉዳይ ከመለሱት ነገሮች አንዱ አባቱ ቤት ያስቀመጡት የፎቶ አልበም ነው። አባቱ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ የተገደሉ ቻይናውያን አጽም ተቆፍሮ ሲወጣ አንስተውታል። ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ የጅምላ መቃብሮቹን ፈልጎ ሄደ፤ በድንጋዩ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ እያሸ ስሞቹን አንድ በአንድ ቀዳ።

ቴይን ሊንም ከ1998 እስከ 2004 እስር ቤት ሳለ ብሩሽ ስላልነበረው በሲጋራ ላይተርና በመርፌ ሲሪንጅ የእስረኛ ልብስ በሆነው ነጭ ጨርቅ ላይ ይስል ነበር። ጨርቆቹ በድብቅ ወጡ። አውጥቶ የሚያስቀምጥ ባይገኝ ኖሮ ዛሬ የምናየው ሥዕል አይኖርም። በ2013 ደግሞ የቀድሞ የፖለቲካ እስረኞችን እጅ በጄሶ እየቀረጸ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ከየእጁ ጋር የባለቤቱን ስምና የታሰረበትን ዘመን ይዞ። በ2022 እሱ ራሱ እንደገና ታሰረና ከወራት በኋላ ተፈታ። እኔ የመዝገብ ሥራን ቀላል ሥራ አድርጎ የሚያይ ሰው ሲገጥመኝ የእነዚያን የጄሶ እጆች ነገር ነው የማወራለት።

ስምን ካነሣሁ አይቀር፣ ከሥዕሉ ጎን የምትለጥፉት ወረቀት ላይ የሠራው ሁሉ ይጻፍ። ዪ ኢላን የምትባል የማሌዥያ ሠዓሊ አለች፤ ሳባህ ውስጥ ኦማዳል ከምትባል ደሴት ሰሌን ከሚሠሩ የባጃው ሴቶች ጋር ትሠራለች። በአንዱ ሥራዋ በየሰሌኑ ላይ የጠረጴዛ ምስል ተሠርቶበታል። ጠረጴዛ ለእሷ ቅኝ ገዢው ይዞት የመጣ የቢሮ ሥልጣን ነው፤ ሰሌን ግን ሁሉም ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት። የሰሌን ሠሪዎቹን ስም ከራሷ ስም ጋር ታስጽፋለች። እናንተም ሸማኔ አሠርታችሁ፣ በያጅ አሠርታችሁ፣ በሠዓሊው ስም ብቻ ስትሰቅሉ አስቡበት።

ስለ ዕቃው ደግሞ ትንሽ። ባሕር የሚሻገር የጥሬ እንጨት ሳጥን ተባይ እንዳይዝ መታከም አለበት፤ ብዙ ጊዜ በሙቀት ነው፤ እንጨቱ እስከ መሐሉ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ይቆይና ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም የሌለውን ጉምሩክ ይይዝባችኋል፤ ትራንዚተሩም ምንም አያደርግላችሁም። ሳጥኑ ሲደርስ ወዲያው አትክፈቱ፤ አንድ ሙሉ ቀን ክፍሉን ይልመድ። ሥራው አጠገብ እስክሪብቶ አይያዝም፤ እርሳስ ብቻ።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ግን ጉድ ሆኛለሁ። በዚያው የሃያኛ ዓመት ዐውደ ርዕይ ከጫካ ሐረግና ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ የጎልማሳ ቁመት ያለው ቅርጽ መጣ። ሳጥኑ ማኅተሙ ሙሉ ነው። ከሥሩ ወለሉ ላይ ዱቄት የመሰለ ቁንጥር ነገር አየሁ፤ «አቧራ» ብዬ ጻፍኩና ጠረግኩት። በሦስተኛው ቀን ዱቄቱ ያው ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። ተንበርክኬ በባትሪ ሳየው ሐረጉ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ነቀዝ ነው! የታከመው ሳጥኑ እንጂ ሐረጉ አልነበረም። አጠገቡ የነበሩት ሁለት የእንጨት ፍሬሞችም ተበስተው አገኘኋቸው። ሦስቱንም በላስቲክ አሽገን፣ የዓሣ ነጋዴ ማቀዝቀዣ ክፍል ተከራይተን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት አስቀመጥናቸው፤ የቀረጸው ልጅ በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። አቧራ መሆኑን ሳላውቅ አቧራ ብዬ ጻፍኩ። «ዱቄት የመሰለ፣ ቢጫ፣ በግራ እግሩ ሥር» ብዬ ያየሁትን ብቻ ብጽፍ ኖሮ ሌላ ሰው አንብቦ ይነቃ ነበር።

ሠዓሊዎችን በቡድን የማሳየቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። «ደቡብ ምሥራቅ እስያ» የሚለው ስም በሰፊው የተሰራጨው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ እንግሊዝና አሜሪካ ያሉበት ተባባሪዎቹ አገሮች ጃፓንን ሊወጉ ካቋቋሙት የጦር እዝ በኋላ ነው። በ1967 ባንኮክ ላይ አምስት አገሮች የመሠረቱት የአካባቢው አገሮች ማኅበር አሲያንም ቲሞር ሌስቴ በ2025 ስትገባ 11 አባል ደርሷል። በአንድ ስም ሥር ይሰለፋሉ እንጂ ሠዓሊዎቻቸው የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። «የአፍሪካ ጥበብ» በሚል ዐውደ ርዕይ ከማታውቁት አገር ሠዓሊ ጎን ተሰቅላችሁ የምታውቁ ስሜቱን አልነግራችሁም። በአገር በአገር አትደርድሩ። ባንዲራም አታብዙ። ሲንጋፖር ሁለት ግዙፍ የመንግሥት ሕንፃዎችን አገናኝታ በ2015 ብሔራዊ ጋለሪ ስትከፍት የአካባቢውን ታሪክ በሰፊው ማሳየት ቻለች፤ ያ የመንግሥት ገንዘብ ነው። እናንተ ያላችሁ እርሳስ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ወፍራም ደብተር ግዙ። የተሰቀለውን በተሰቀለበት ቅደም ተከተል ጻፉ፤ የገዛውን፣ የመለሰውን፣ የተበላሸበትን፣ ያልተከፈለውንም ጭምር። ያልተሸጠውን መጻፍ ታፍሩበት ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ፈላጊው የሚበዛው ለእሱ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ሺሕ ፎቶ መዝገብ አይደለም፤ ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል። ዐሥሩን መርጣችሁ አሳትሙ፣ ጠርዙ ላይ በለስላሳ እርሳስ ማን እንደሆነ ጻፉ። አምስተኛ ዓመታችሁን ለምታከብሩት ልጆችማ የምላችሁ፣ ድግሱን ትንሽ ቀንሱና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበሩትን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ገና ያስታውሳሉ።

ወደዚያ ፎቶ ልመለስ። ባለቤቱ አስፍቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ከሥሩ «የመጀመሪያው ዐውደ ርዕይ፣ ሦስት ወጣቶች» ተብሎ ተጻፈ። በመክፈቻው ምሽት ሰው ሲሳሳ ጸጉሩ የሸበተ፣ የሥራ ቱታ የለበሰ ሰውዬ ፎቶው ፊት ቆሞ ሲቆይ አየሁትና ጠጋ አልኩ። ባዶ እግሩን የቆመው እሱ ነው። ሥዕል ከተወ ቆይቷል፤ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ነው የሚሸጠው፤ በመንገድ ሲያልፍ መብራቱን አይቶ ነው የገባው፣ የጠራው የለም። ዋናውን ትንሿን ፎቶ ከቆርቆሮው አውጥቼ ከእርሳሴ ጋር ሰጠሁት። መጀመሪያ የመዶሻ ያዧን ስም ጻፈ፤ ቀጥሎ የራሱን። ከዚያ ፎቶውን ገልብጦ ማጅራቱ ብቻ የሚታየውን ልጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። አንዴ ሊጽፍ እጁን አነሣ። ተወው፤ እርሳሱን መለሰልኝ።