ዳገት ላይ የሚሸተው ሲንክ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ዴንቨር ነው። ያገለገለ የፎርድ ትራንዚት ዕቃ መጫኛ ቫን ገዝተን ስድስት ወር ደክመንበት መኝታና ማዕድ ቤት ሠራንበት። የቧንቧውን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። 20 ጋሎን የሚይዝ የንጹሕ ውኃ ታንክ ውስጥ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ተቀምጧል። 15 ጋሎን የሚይዝ የፍሳሽ ታንክ ደግሞ ከወለሉ በታች ተንጠልጥሏል፤ ታንኩ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለ፣ መግቢያና መውጫ። ያለን አንድ ሲንክ ነው፤ ከሥሩ እንደ ቤት ሲፎን (ውኃ ይዞ ሽታ የሚያግድ የታጠፈ ቱቦ) ገጥሜለታለሁ። ፓምፑ ባለ 12 ቮልት ነው። ሲንኩ ውኃ ሲወርድበት ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይንቀራፈፋል። ሰፈር ውስጥ ስንነዳ ምንም አይሸትም፤ ወደ ሌድቪል ተራራውን ስንወጣ ግን መኪናው በሙሉ ይገማል፣ ስንመለስ ይብስበታል። ሌሊት ደግሞ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ በየግማሽ ሰዓቱ ጥርር ብሎ ዝም ይላል። ባለቤቴ ሽታ ማጥፊያ ገዝቶ ታንኩ ውስጥ ጨመረበት፤ አሁን ሽቶ የተቀባ ግማት ሆነ። የትኛውን ዓይነት ብንገዛ ይሻለናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ምንም አትግዢ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መልሱ ያለው ራስሽ እንደ ዋዛ ባለፍሻት አንዲት ሐረግ ውስጥ ነው፦ «ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለ፣ መግቢያና መውጫ»። ሦስተኛው የታለ? የፍሳሽ ታንክ መተንፈሻ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ችግሮችሽ የመጡት ከዚያ ነው። የፓምፑ ነገር የብቻው ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንስራ ምንጭ ውስጥ ሲጠልቅ አይተሽ ታውቂ እንደሆነ አስቢው። ውኃው በጠባቡ አንገት ሊገባ ይታገላል፣ ውስጥ ያለው አየርም በዚያችው አንገት ሊወጣ ይታገላል፤ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ሁለቱ በር ላይ ሲጋፉ ነው። ሲንክሽም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ታንኩ ባዶ ሲሆን እንኳ ባዶ አይደለም፤ 57 ሊትር ያህል አየር ሞልቶታል። አንድ ሊትር የዕቃ ማጠቢያ ውኃ ሲገባ አንድ ሊትር አየር መውጣት አለበት። ሌላ በር ስለሌለው ውኃው በወረደበት ቱቦ ሽቅብ ይመጣና የሲፎኑን ውኃ በስቶ ይወጣል። ይዞት የሚመጣውን ሽታ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ቱቦው በቅባት ተደፍኖ እንደሆነስ? ለመለየት ወጪ የለውም። የፍሳሽ መድፊያ ጣቢያ ስትሄጂ፣ ታንኩ ግማሽ ያህል ሳለ፣ ሲንኩን ሞልተሽ ልቀቂው። እየተንቀራፈፈ ሳለ ባለቤትሽ ከታች የታንኩን መውጫ ይክፈት። በዚያች ቅጽበት ሲንኩ ሽው ብሎ ከወረደ ቱቦው ጤነኛ ነው፤ የታፈነው ታንኩ ነው። መውጫው ተከፍቶም ከተንቀራፈፈ ግን ቱቦውን ፈትተሽ አጽጂ።

የዳገቱ ነገር ግን እኔንም አንድ ሰሞን አሳስቶኝ ነበር። አንድ ደንበኛ መኪናውን እያመጣ «ይሸታል» ሲለኝ፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ አፍንጫዬን ደቅኜ ምንም ሳላገኝ እመልሰዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አብሬው ተራራ ወጣሁ፤ ነገሩ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ስትሄጂ ጎሐ ጽዮን ላይ ጠጥተሽ ክዳኑን ያጠበቅሽው የሃይላንድ ጠርሙስ ዓባይ ድልድይ ስትደርሺ ጎኑ ገብቶ፣ ተጨማድዶ ታገኚዋለሽ። ላይ የታፈነው አየር ሳስ ያለ ነው፤ በረሃው ውስጥ ያለው ወፍራም አየር ይጨፈልቀዋል። ከታች ተዘግቶ ሽቅብ የወጣ ዕቃ ደግሞ ይነፋል። የአንቺ የፍሳሽ ታንክ 15 ጋሎን የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው።

አሁን በቁጥር እንየው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌድቪል ከ3,000 ሜትር በላይ። ሲፎንሽ ውስጥ ሽታውን የሚከለክለው ውኃ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ከፍታ አየር ከውኃ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይቀላል። ስለዚህ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ የሚገታው 50 ሜትር ቁመት ያለውን አየር ያህል ነው። 50 ሜትር ማለት እኮ ምንም አይደለም፤ ከከተማው ወጥታችሁ የመጀመሪያውን ዳገት ሳትጨርሱ የታንኩ አየር ሲፎኑን ገፍቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ እስከ ላይ ድረስ መኪናው ውስጥ እየተነፈሰ ይሄዳል። ስትወርዱ ግልባጩ ነው፦ ታንኩ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ያለው በር ሲፎኑ ብቻ ስለሆነም የሲፎኑን ውኃ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ዴንቨር ስትደርሱ በታንኩና በአፍንጫችሁ መካከል መጋረጃ የለም። ስትመለሱ የሚብስባችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ መተንፈሻ ሥሪለት። ዕቃ መሸጫ ስትሄጂ «አየር ወደ ውስጥ ብቻ የሚያስገባ» ትንሽ ቫልቭ ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ ሲንክ ሥር ተገጥሞ ያልቃል፣ ጣሪያ መብሳት አያስፈልግም ይሉሻል። ለቤት ጥሩ ነገር ነው። ለአንቺ ግን የሚጠቅመው ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው፤ ሽቅብ ስትወጡ ታንኩ ማስወጣት ነው የሚፈልገው፣ ያ ቫልቭ ደግሞ ወደ ውጭ አይከፈትም። አትውሰጂው።

ሁለት መንገድ አለሽ። የተሻለው ታንኩን አውርዶ አናቱ ላይ፣ ከሁሉም ከፍ ባለው ቦታ፣ ቀዳዳ መብሳት ነው። ታንኩ ፖሊኢታይሊን ከሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ ማጣበቂያ አይዘውም፤ የትኛውም ሙጫ ቢሆን ከአንድ ወር በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። በሁለት በኩል በጎማና በብሎን ጨምቆ የሚይዝ ማያያዣ ግዢ። የቀዳዳው መጠን በማያያዣው ላይ ተጽፏል፤ በዓይን ግምት አትብሺ። ሁለተኛው መንገድ ታንኩን ሳታወርጂ ከሲፎኑ በኋላ ባለው የፍሳሽ ቱቦ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ገጥመሽ ከቲው ሽቅብ መተንፈሻ ማውጣት ነው። ቱቦሽ ባለ 1.5 ኢንች ከሆነና ታንኩ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ከአናቱ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ውኃው ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላው አየሩ በጎኑ ሽቅብ ይወጣል። ለሁለትና ለሦስት ማጠቢያ አልመክረውም። አንድ ሲንክ ብቻ ላለው መኪና ግን በግማሽ ቀን ያልቃል፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ ይህን ሞክሬ ነው ታንክ የማወርደው።

በየትኛውም መንገድ ብትሄጂ ጥንቃቄ የሚሻው የመተንፈሻው ቱቦ አካሄድ ነው። ከታንኩ ተነስቶ እስከ ጫፉ ያለማቋረጥ ሽቅብ መውጣት አለበት። ሰው ቱቦውን በወንበር ሥር አዙሮ፣ አንድ ቦታ እንደ ገመድ አርግቦት ያልፋል፤ እዚያ እርግብ ላይ ጤዛና የተረጨ ውኃ ይጠራቀምና አየሩን ይደፍነዋል፤ መተንፈሻ እያለው የታፈነ ታንክ ይሆናል። ጫፉም ከሲንኩ አፍ በላይ መሆን አለበት። ወለል ሥር ያስቀሩት ሰዎች አይቻለሁ፤ ታንኩ የሞላ ቀን ፍሳሹ በመተንፈሻው አድርጎ አስፋልቱ ላይ ይፈሳል፣ በሌላው ቀን ደግሞ ሽታው በበሩ ሥር ተመልሶ ይገባል። ትራንዚት በግድግዳው ውስጥ ክፍት የሆኑ ምሰሶዎች አሉት፤ በአንዱ በኩል ወደ ጣሪያ አውጪው፣ ከመስኮትና ከአየር ማራገቢያው አርቂው። ቆርቆሮውን የበሳሽበት ጠርዝ ዝገት መከላከያ ቀለም ሳይቀባ አትግጠሚ። በዚህ ቀልድ የለም፤ ጣሪያ ላይ የጀመረ ዝገት የሚታይሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሲፎኑንም ቀይሪው። የቤት ሲፎን ለማይንቀሳቀስ ቤት ነው። መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ውኃው ይናወጣል፣ ዴንቨርን በመሰለ ቦታ ደግሞ በክረምት ይቀዘቅዝና ይሰነጥቀዋል። በውስጡ የጎማ ከንፈር ያለው፣ ውኃ ሲመጣ ተከፍቶ ሲያልፍ የሚገጥም ሲፎን አለ፤ ሄፕቮ የሚባለው በደንብ የታወቀ ነው። ቅባት የበዛበት ምጣድ ሲንኩ ላይ አትድፊ እንጂ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ግን ቅደም ተከተሉን አደራ፤ መተንፈሻ ሳይሠራ ይህ ከተገጠመ አየሩ ጭራሽ መውጫ ያጣና ታንኩን ይነፋዋል።

ቱቦውን ስትፈቺ ዘንበል ማለቱን አብረሽ እዪው። በቤት ሥራ ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። መኪና ግን ዛሬ አፍንጫውን ሽቅብ፣ ነገ ቁልቁል ቀስሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ቦታ እስካለ ድረስ እጥፍ አድርጊው። ውኃ ልኩን ቱቦው ላይ ከማሳረፍሽ በፊት ወለሉ ላይ አሳርፊው፤ መኪናው ራሱ ተንጋዶ ቆሞ ከሆነ የምትለኪው የመንገዱን ዝንባሌ ነው።

ወደ ፓምፑ ልምጣ። ፓምፑ አልተበላሸም፣ እየነገረሽ ነው። ውስጡ በግፊት የሚሠራ ማብሪያ አለ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ይነሳል፣ ሲሞላ ያቆማል። ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ግፊቱ ከወረደ ውኃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የሚሄድበት ደግሞ ሁለት ቦታ ነው፦ ወይ ወደ ፊት፣ በአንዱ መገጣጠሚያ ጠብ እያለ፤ ወይ ወደ ኋላ፣ ፓምፑን ራሱን አልፎ ወደ ንጹሕ ውኃው ታንክ።

«አንድ ጠብታ አላየንም» እንዳትዪኝ፤ በግማሽ ሰዓት አንድ ጊዜ የሚያስነሳው ፍሳሽ በዓይን አይታይም፣ እንጨቱ ይጠጣዋል። ማታ ልትተኙ ስትሉ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ደረቅ ሶፍት ጠምጥመሽ በክር እሰሪ፤ ከፓምፑ ራስ ጀምረሽ እስከ ቧንቧው ሥር፣ አንዱንም ሳታልፊ። ጠዋት በጣትሽ እየዳሰስሽ ሂጂ። የራሰውን ፍቺው፤ ብዙውን ጊዜ የምታገኚው ጎማው ተጣሞ ወይም ፕላስቲኩ ከመጠን በላይ ጠብቆ በፀጉር ያህል ተሰንጥቆ ነው። ፕላስቲክ በእጅ ይጠብቃል፤ ቁልፍ ካስፈለገ ሩብ ዙር ብቻ። ቴፍሎን የሚጠመጠመው በጥርሱ ለሚዘጋ ማያያዣ ነው፤ በጎማ ለሚዘጋው ጨምረሽ ከሆነ አውልቂው፣ ጎማው በትክክል እንዳያርፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሶፍቱ ሁሉ ደርቆ ካደረ ጥፋቱ ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ ነው። ወዲያውኑ አዲስ አትግዢ። የንጹሕ ውኃውን ታንክ በስተሽ ከሆነ የወጣው የፕላስቲክ ፍቅፋቂ የት ሄደ? እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን ስሠራ ጠራርጌ አወጣሁ ብዬ ነበር። ከሳምንት በኋላ ፓምፑን ስከፍት የጥፍር ቁራጭ የምታህል ነጭ ፍቅፋቂ ቫልቩ ከንፈር ላይ ተቀርቅራ አገኘኋት፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተኛሁት በእሷ ነው። የፓምፑን ራስ ፍቺ፣ አጥቢ፣ መልሰሽ ግጠሚ። ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ ከሌለሽ በዚያው አስገቢ።

እስከዚያው ድረስ ስትተኙም ስትነዱም ፓምፑን በማብሪያው አጥፉት። ተራራ ለተራራ ስትሄዱ አንድ መገጣጠሚያ ቢላቀቅ ፓምፑ 75 ሊትር ውኃ ወለላችሁ ላይ ሳያፈስ አያቆምም።

ታንካችሁ ውጭ ስለተንጠለጠለ ብርዱ ሳይገባ ሁለቱንም ታንኮች አራግፉ፤ የፍሳሹን መድፊያ ጣቢያ ላይ፣ ዱር ወይም መንገድ ላይ አይደለም። ቱቦው ውስጥ የሚቀረውን ለመኖሪያ መኪና ቧንቧ በተሠራው ሮዝ ፀረ በረዶ አስወጡት። ለሞተር የሚጨመረውን ባለቤትሽ እንዳይነካው፤ እሱ መርዝ ነው።

ሽታ ማጥፊያውን በተመለከተ፣ ያልተከፈተ ካለ ደረሰኙን ፈልጎ ይመልሰው። በገንዘቡ ቲውንና ቱቦውን ይገዛል። ጠዋት የትኛው ሶፍት እንደራሰ ጻፊልኝ።