«ፎልቱ ጠፍቷል» ስንጽፍ ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ በፋብሪካ የጥገና ክፍል የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። ማሽኑን የሚመራው የመቆጣጠሪያ ሞጁል የያዘውን የብልሽት ታሪክ ካጸዳን በኋላ በፈረቃ መረካከቢያው ላይ «ፎልቱ (ብልሽቱ) ጠፍቷል» ብለን እንጽፋለን፤ ተረካቢው ግን ብዙ ጊዜ ማሽኑ የተጠገነ ይመስለዋል። እንዴት ብንጽፍ ይሻላል?

መልስ፦ ዐረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ግስ መሸከሙ ነው። መብራትም፣ ዕቃም፣ ጽሑፍም «ጠፋ» ስለሚባል፣ ተረካቢው የተበላሸው ሴንሰር ይቀየር፣ ቀዩ መብራት ብቻ ይጥፋ ወይም መዝገቡ ይጽዳ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «አጠፋሁ» ደግሞ «በደልሁ» ማለትም ስለሆነ፣ ፊርማ በሚያርፍበት ሰነድ ላይ ባይገባ እመርጣለሁ።

መሣሪያው ራሱ እነዚህን ነገሮች አያቀላቅልም። የሲመንስ ኤስ7-1200 መቆጣጠሪያ ለምሳሌ እያንዳንዱን ክስተት ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ አዲሱ ከላይ ይሰፍራል፤ 50 ሲሞላም አዲስ የሚገባው በጣም የቆየውን ይተካል። በዚህ ዓይነቱ መዝገብ ብልሽት ሲከሰት አንድ መስመር ይጻፋል፤ ሲወገድ ሌላ መስመር ይጨመራል እንጂ የፊተኛው አይፋቅም። በዚያው ኩባንያ በኤስ7-300 መቆጣጠሪያ ላይም «ሜሞሪ ሪሴት» የሚባለው ትእዛዝ የሥራ ማኅደሩን ሲያጸዳ ይህን መዝገብ አይነካውም። ስለዚህ ለምሳሌ የተበጠሰ ኬብል ተጠግኖ ታሪኩ ሊቆይ፣ ታሪኩ ጸድቶም ኬብሉ እንደተበጠሰ ሊቀር ይችላል።

ስለ ጥገናው «ተወግዷል» ማለት ይበቃል፤ የተሠራውን ሥራ በስሙ መጥራት ግን ይበልጣል። ስለ ብልሽት ምልክቱ (ስለ ቀዩ መብራት) «ሪሴት ተደርጓል»፣ ማለትም ወደ መነሻው ተመልሷል፣ ይበሉ፤ ቃሉ በሥራው ቦታ ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ስለ መዝገቡ «ተሰርዟል» ቢባል ስሕተት ባይሆንም እኔ «ተደምስሷል» የሚለውን እመርጣለሁ፤ በወረቀት ላይ የተሰረዘ ጽሑፍ ከመስመሩ ሥር ሊነበብ ይችላል፣ የተደመሰሰ ግን ዱካ አይተውም።

ከግሱ ምርጫ ይልቅ ብዙዎች የሚዘነጉት የጊዜ አነጋገሩን ነው። «ኬብሉ ተቋርጧል» የሚለውን ያነበበ ተረካቢ በቀጥታ ወደ ኬብሉ ይሮጣል፤ መቋረጡ እስከ አሁን የዘለቀ ሁኔታ ነውና። «ተቋርጦ ነበር» ከተባለ ግን ነገሩ አልፏል፤ ሰውየው ምክንያቱን ወደ መመርመር ይሄዳል። ሞጁሉ ብልሽቱ የገባበትንና የወጣበትን በሁለት መስመር የሚለየውን አማርኛችን በዚህች «ነበር» ይለየዋል።

ሰዓቱንም ያስተውሉ። ሞጁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 02:14 ብሎ ካሳየ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:14 ነው፤ በየትኛው እንደጻፉ ካልገለጹ በመዝገቡና በመረካከቢያው መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል።

እንግዲህ እንዲህ ቢጽፉ ተረካቢው አይሳሳትም፦ «ከሌሊቱ 8:14 (በሞጁሉ 02:14) የመገናኛ ኬብሉ ተቋርጦ ነበር፤ ማያያዣው ተቀይሯል፤ የብልሽት ምልክቱ ሪሴት ተደርጓል፤ መዝገቡ አልተደመሰሰም።»