ሸክላው ከከበደ ድምፁ ይሻላል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ የድሮ የአገራችን ሙዚቃ በሸክላ እንደገና ታትሞ፣ ሽፋኑ ላይ «180 ግራም» የሚል ተለጥፎበት አይተዋል። ዋጋው ከሌላው ይወደዳል። ክብደቱ እውነት ድምፁን ያሻሽለዋል ወይ ይላሉ።

መልስ፦ አያሻሽለውም። ድምፁ ያለው መርፌው በሚሄድበት ቦይ ግድግዳ ላይ ነው። የቦዩ ጥልቀት የሚሊሜትር አንድ አስረኛ እንኳ አይደርስም። ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ቢወፍርም ቢቀጥንም መርፌው የሚያነበው ያንኑ ግድግዳ ነው።

አሠራሩን ካዩት ግልጽ ይሆናል። ሙዚቃው መጀመሪያ የሚቀረጸው ላከር የሚባል ለስላሳ ቅብ በተቀባ የአሉሚኒየም ዝርግ ላይ ነው። ዝርጉ ብርና ኒኬል ይለበጥና ከኒኬሉ ማህተም ይወጣለታል። ማተሚያ ቤት ውስጥ ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ የጋለ ድቡልቡል በሁለት ማህተሞች መካከል ይገባና በእንፋሎት ሙቀትና በከባድ ግፊት ይጨፈለቃል፤ ከዚያ በውሃ ይቀዘቅዛል። ሁሉም ግማሽ ደቂቃ ገደማ ቢወስድ ነው። በአንድ ማህተም 140 ግራምም 180 ግራምም ማተም ይቻላል። የሚለየው የድቡልቡሉ መጠን ብቻ ነው።

እንዲያውም ወፍራሙ ለስህተት ይጋለጣል። ለመቀዝቀዝ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ተቻኩለው ካወጡት እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። ቪኒሉ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ከተጨፈለቀ ደግሞ ቦዩን ሳይሞላው ይቀራል። ያኔ በአንዱ ድምፅ ማጉያ በኩል ጨርቅ ሲቀደድ የሚመስል ድምፅ ይሰማሉ። ማጠብ አያጠፋውም፤ ወደ ሻጩ ይመልሱት።

ክብደቱ ምንም ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። 140 ግራም ኤልፒ (ትልቁ ባለ 33 ዙር ሸክላ) በአማካይ 1.4 ሚሊሜትር፣ 180 ግራሙ 1.8 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ወፍራሙን ማጠፍ ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል። በፖስታና በሻንጣ ጉዞ የተሻለ ይችላል። ይህ የመጓጓዣ ጥቅም ነው።

ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሸክላው ከምን ተቀዳ? በእኛ ሙዚቃ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ ሥራ ሲጀምር፣ ኋላም ካይፋ ሪከርድስ ሲከተል፣ አብዛኛው ዘፈን የወጣው በደቂቃ 45 ጊዜ በሚዞር ትንሽ ሸክላ፣ ማለትም በባለ 45 ዙር፣ ነው፤ የሚታተመውም ውጭ አገር ነበር። ዋናው ቴፕ ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ አዲሱ ሸክላ የሚቀዳው በየቤቱና በየቡና ቤቱ ሲጫወት ከኖረ አሮጌ ሸክላ ነው። ያ ሸክላ በጥንቃቄ ታጥቦ፣ በትክክለኛ መርፌ ተነቦ፣ በሚችል ሰው ከታረመ ደስ የሚል ነገር ይወጣዋል። እንዲያው በጥድፊያ ከተቀዳ ግን የተበላው ቦይና ጭረቱ 180 ግራም ሆኖ አብሮ ይታተማል። አሳታሚው ምንጩን ሽፋኑ ላይ ካልገለጸ ጽፈው ይጠይቁት። ቴፕ የያዘ ሰው አይደብቅም።

ቀጥሎ ደቂቃውን ይቁጠሩ። ባለ 33 ዙር ኤልፒ በአንድ ገጽ እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ይመቸዋል። 26 ወይም 27 ደቂቃ ሲጨመቅበት ቦዮቹ እንዲጠጋጉ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ይቀረጻል፤ እርስዎ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ የሸክላው ሹክሹክታም አብሮ ከፍ ይላል። ወደ መሃል ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። መርፌው ውጭ ጠርዝ ላይ በሴኮንድ 51 ሴንቲሜትር ይጓዛል፣ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ግን 21 ሴንቲሜትር ብቻ። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨምቆ ይጻፋል ማለት ነው። የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ገጹ ሊያልቅ ሲል የሚሻክሩት ለዚህ ነው።

ቀዳዳውንም ያስተውሉ። ከመሃል በ1 ሚሊሜትር ከሳተ፣ በውስጠኛው ዘፈን ላይ ፍጥነቱ 1.7 በመቶ ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ከበሮው ላይ ላይታወቅዎ ይችላል። የሳክስፎን ወይም የዋሽንት ረጅም ድምፅ ሲመጣ ግን በየዙሩ ሲወዛወዝ ይሰሙታል። መርፌውን የያዘው ክንድ ወደ ግራና ቀኝ ሲዋዥቅ በዓይንም ይታያል።

ጥያቄ፦ የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ የሆኑ አንባቢ፣ ከቀጭን ሸክላ ወደ 180 ግራም በተሸጋገሩ ቁጥር የክንዱን ከፍታ ማስተካከል አለብዎት ተብለዋል።

መልስ፦ አይድከሙ። ከ120 ወደ 180 ግራም ሲሄዱ የውፍረቱ ልዩነት 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ክንድ ከምሶሶው እስከ መርፌው 23 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በዚህ ርዝመት 0.6 ሚሊሜትር የመርፌውን አቀማመጥ የሚለውጠው በ0.15 ዲግሪ ነው። መርፌው ፋብሪካ ውስጥ ሲገጠም የሚፈጠረው መዛባት እንኳ ከዚህ ይበልጣል። 140 ግራም በሚሆን ሸክላ ክንዱን ከሸክላው ጋር ትይዩ አድርገው ያስተካክሉና ይተዉት። ሸክላው የሚቀመጥበትን የሚዞረውን ሳህን ምንጣፍ ሲቀይሩ ግን ይጠንቀቁ፤ በ4 ሚሊሜትር የሚወፍር ምንጣፍ 1 ዲግሪ ሙሉ ይለውጣል።

ጥያቄ፦ የባለ 45 ዙሩ ቀዳዳ ሰፍቶ ሸክላው ሳህኑ ላይ ይዋልላል።

መልስ፦ ቀዳዳውን የሚሞላ የ38 ሚሊሜትር አስማሚ ያስፈልግዎታል፤ የሸክላ ማጫወቻ ከሚሸጥ ሰው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር አንባቢ ሸክላው ይዘላል ይላሉ። ቀጭን ስለሆነ ነው ብለው ክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም ለጥፈውበታል፤ አሁን አይዘልም።

መልስ፦ እባክዎ ሳንቲሙን ዛሬውኑ ያንሱት። አብዛኛው ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የያዘው ክፍል) የሚፈልገው ጫና ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው። ሳንቲም ሲጨመርበት ጫናው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ መርፌው ቦዩን እያረሰ ይሄዳል። የተበላ ቦይ ደግሞ አይመለስም።

እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ሸክላውን ይጠቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘልለው የደረቀ ቆሻሻ ነው። ማጫወቻው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ መቀመጡን በውሃ ልክ ያረጋግጡ። ክንዱን ወደ ውስጥ እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ ዜሮ ላይ ያድርጉ። የኋላውን ሚዛን እያዞሩ ክንዱ ሳይወጣ ሳይወርድ በአየር ላይ እንዲንሳፈፍ ያድርጉት። የቁጥር ቀለበቱን ብቻ ወደ ዜሮ ይመልሱ። ከዚያ ሚዛኑን ካርትሪጁ ወደሚፈልገው ቁጥር፣ ለምሳሌ 2 ግራም፣ ያምጡት፤ ዜሮ ያደረጉትንም ማስተካከያ በዚያው ቁጥር ያድርጉት። አሁንም ከዘለለ መርፌው አርጅቶ ሊሆን ይችላልና ይቀይሩት። ማጫወቻዎ የኋላ ሚዛን ከሌለው መርፌ ከመቀየር ያለፈ ነገር አይሞክሩ፤ ጠጋኝ ይየው።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የታተመ፣ ሲይዙት የሚተጣጠፍ ቀጭን ኤልፒ አለኝ። ልጣለው?

መልስ፦ በጭራሽ! የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ አርሲኤ በዚያ ዘመን ዳይናፍሌክስ ብሎ ያወጣቸው ሸክላዎች እንደዚያው ይተጣጠፉ ነበር፤ ንጹህ ሆነው ከተያዙ ዛሬም ጥሩ ይጫወታሉ። ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ዕቃ አይጫኑበት።

ጥያቄ፦ የአያታቸውን ባለ 78 ዙር ሸክላዎች የወረሱ የጎንደር አንባቢ፣ ከባድና ወፍራም ሆነው ሳለ ለምን እንደሚንጫጩ ይጠይቃሉ። በአልኮል ሊያጥቧቸው አስበዋል።

መልስ፦ አልኮሉን ያርቁት። እነዚህ ቪኒል አይደሉም፤ የተሠሩት ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው፣ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟል። አንዴ ከነካው ቦዩ ይደበዝዛል፣ ድምፁም ያኔውኑ ይጠፋል። በተጣራ ውሃ በእጅጉ በረጠበ ሳይሆን ጥቂት ብቻ ረጠብ ባለ ለስላሳ ጨርቅ፣ የቦዩን አቅጣጫ ተከትለው፣ መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት ሳያረጥቡ ይጥረጉና ወዲያው ያድርቁ።

የሚንጫጩበትም ምክንያት ክብደቱን ይመለከታል። ሼላኩ እንዲጠነክርና እንዲረክስ የድንጋይ ዱቄት ይቀየጥበት ነበር። መርፌው የሚሄደው በዚያ ዱቄት ላይ ነው። ከባድ ሸክላ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል ለሚል ሰው ይህን ማሰማት ይበቃል። መርፌውም ይለያል፤ የኤልፒ መርፌ ጫፉ 18 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ሲሆን የ78 ዙሩ 75 ማይክሮን ነው። በኤልፒ መርፌ ካጫወቱት ቦዩ ወለል ላይ ይንሸራተትና ጫጫታውን ያባብሰዋል።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ሸክላዎቹ የአገራችን የቆዩ ድምፆች ከሆኑ፣ ደጋግመው ከማጫወትዎ በፊት በድምፅ ማኅደር ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ አይቶ በዲጂታል ይቅዳልዎ። ሼላክ ከእጅ ካመለጠ ይሰበራል፤ የዚያ ዘፈን ሌላ ቅጂ ላይኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ የሚኖሩ አንባቢ ኤልፒ መኪና ውስጥ ረስተው ተጣሟል። በሁለት መስታወት መካከል አድርገው ምድጃ ውስጥ ሊያስገቡት ነው።

መልስ፦ አያስገቡት። ቪኒል 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ የቤት ምድጃ ደግሞ ሙቀቱን በዚህ ልክ አይጠብቅም። ሸክላው ቢቃናም ቦዩ ሊጨፈለቅ ይችላል። ሙቀቱን ለሰዓታት አመጣጥኖ የሚይዝ የሸክላ ማቃኛ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ይፈልጉ። ርካሽ ሸክላ ከሆነ ሌላ መግዛት ይቀላል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ሸክላ ይዤ ልመጣ ነው፤ እንዴት ልጠቅልለው?

መልስ፦ ሸክላውን ከነውስጥ ወረቀቱ ከሽፋኑ አውጥተው ከሽፋኑ ኋላ ያድርጉት፤ አለዚያ ሻንጣው ሲወረወር ጠርዙ ሽፋኑን ይቀደዋል። ከላይና ከታች ጠንካራ ካርቶን ያድርጉና ከተቻለ በእጅዎ ይያዙት። አሥር ኤልፒ በ180 ግራም ሲሆን ከ140ው በ400 ግራም ይበልጣል፤ ሽፋኑ አይቆጠርም።