ክኒኗና አቦሉ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። ታይሮይድሽ (የአንገት ዕጢሽ) ሰነፍ ነው ተብዬ ሌቮታይሮክሲን የተባለችውን ክኒን ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት በአቦል አወራርዳታለሁ። ሚዛኑ ግን ከ78 ኪሎ ንቅንቅ አላለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ተመችቶሻል» ይለኛል!

መልስ፦ እህቴ፣ ነካክተሽ ያለፍሽው አቦል ነው ጉዱ። ቡና መድኃኒቱ ወደ ሰውነትሽ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። እንደነቃሽ በባዶ ሆድ በውኃ ዋጫት፤ ቡናም ቁርስም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ። (ወሎዬን ቡና አቆይ ማለት ምን እንደሆነ አላጣሁትም።) የብረት ወይም የካልሲየም ክኒን ካለሽ ከዚህችኛዋ የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ) ተለኪ፤ መጠኑን ግን በራስሽ እንዳትጨምሪ።

ክብደቱን በተመለከተ ሐቁን ልንገርሽ፦ ታይሮይድ ብቻውን የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ነው፣ ያውም ብዙው ውኃና ጨው። የቀረውን ከቶናና ከበረካው ጋር በሚቀርበው ዳቦና በስኳሩ ፈልጊው። ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ውጪ። የሰነፍ ታይሮይድ ምልክት የሆኑትን ድካሙንና የሆድ ድርቀቱንም ደብተር ላይ ጻፊ። ብርድ ብርድ ማለቱን እንኳ ተይው፤ የደሴ ብርድ ጤነኛውንም ጋቢ ያስደርበዋል።