ቤት ሙሉ ልጅ ይዛችሁ ክረምቱን ለምትገፉ

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?

ባለፈው ማክሰኞ አራት የልጅ ልጆቼን ይዤ ዋልኩ። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው። ከሱ ቀጥላ የ5 ዓመቷ አለች፣ ከዚያ የ3 ዓመቱ፣ ትንሿ ደግሞ 9 ወሯ ናት፣ መዳህ ከጀመረች ገና ሳምንቷ። እናታቸው ሥራ ገብታለች። ሞግዚቷ እናቷ ታመውባት አገር ቤት ሄዳለች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። እኔ በሕፃናት ክፍል 34 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ የራሴንም አራት አሳድጌያለሁ። እንዲያም ሆኖ 10 ሰዓት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ይህን ቀን በየቀኑ የምትኖሩትን እናንተን አሰብኩ።

ትንሿ ሊነጋ ሲል 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነቃች። ገንፎዋን ሳበላት ሌሎቹ ተነሱ። የ3 ዓመቱ ከሰማያዊው ኩባያ ካልሆነ አልጠጣም አለ፤ ሰማያዊው ኩባያ ደግሞ እህቱ እጅ ላይ ነው። እሷ በበኩሏ «እያየኝ ነው!» ብላ አለቀሰች። ማየት ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አላደረጋትም። 3 ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሱሪ ረጥቧል፣ አንድ ብርጭቆ ተሰብሯል። 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ቴሌቪዥኑ ያመጣው ጸጥታም አብሮ ሄደ። ትልቁ በየአምስት ደቂቃው «እማማ፣ ደበረኝ» ይላል። ሌላ የፈሰሰ ነገር ልወለውል ጎንበስ ስል ትንሿ ከኋላዬ የለችም። መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ ደረስኩባት፣ የባልዲውን ጠርዝ ይዛ ልትቆም ስትንጠራራ። ውሃ ይጠፋል ብለን ሌሊት የሞላነው ባልዲ ነው። ግማሹ ድረስ ውሃ ነበረው።

ሕፃን ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ በአፍጢሙ ባልዲ ውስጥ ከገባ ራሱን መልሶ ማውጣት አይችልም፣ ድምፅም አያሰማም። ይህን 34 ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ። ባልዲውን እዚያ የተውኩትም እኔው ነኝ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ሆስፒታል ሳለሁ በክረምት ስንት እናት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ስትገባ አይቻለሁ። የተቃጠለ ልጅ፣ ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ፣ በከሰል የታፈነ ልጅ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ አንድ ደቂቃ ነው ዞር ያልኩት።» እውነታቸውን ነው። ቸልተኛ ሆነው አይደለም፣ ደክመው ነው። የደከመ ሰው ዓይኑ ክፍት ሆኖ አያይም።

በእኔም ደርሷል። ሁለተኛው ልጄ ያኔ 2 ዓመቱ ነበር፣ ወሩ ነሐሴ። አዳር ገብቼ ጠዋት ቤት ስመለስ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው፣ ልጆቹ ተርበዋል፣ ያጠብኩት የሽንት ጨርቅ ሦስት ቀን ሙሉ አልደረቀም። ምድጃውን ለማቀጣጠል ነጭ ጋዙን በለስላሳ ጠርሙስ አመጣሁና መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ጨርቁን አንድ በአንድ ወንበር ላይ እያሰጣሁ ሳለ ሳል ሰማሁ። ዞር ስል ልጄ ጠርሙሱን ይዟል፣ ዓይኑ አፍጥጧል፣ አፉ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ጎረቤቶች ደረሱ። አንዷ ወተት አጠጪው አለች፣ አንዷ ጣትሽን ጉሮሮው ውስጥ ከተሽ አስመልሺው። ሁለቱንም እንቢ አልኩ። ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ ሲያስመልስ ጋዙ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ልጅን የሚገድለውም ያ ነው። ይህን ስለማውቅ ብቻ ልጄ ተረፈ። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ዛሬ እሱም አባት ነው።

ያ ጠርሙስ አደገኛ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። ግን 24 ሰዓት አልተኛሁም ነበር። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» ብቻ ብያችሁ አላልፍም፣ የደከመ ሰው ተጠንቀቅ ስለተባለ አይጠነቀቅም። ጉልበት ባላችሁ ሰዓት ቤቱን አዘጋጁት። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ፣ ካልሆነም ማታ ከተኙ በኋላ፣ አሥር ደቂቃ ስጡት። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ቤቱን በልጁ ቁመት እዩት። ባልዲው ይደፋ ወይ ጥብቅ ክዳን ይኑረው። በረኪና በሃይላንድ አይቀመጥ፣ በጭራሽ፤ ልጅ ሃይላንድ ሲያይ ውሃ ነው የሚያስበው። ቆሎና ኦቾሎኒ 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ፣ ጠረጴዛ ላይም አይቅር፤ እየሳቀ ወይ እየሮጠ ወደ አየር ቧንቧው የገባ አንድ ፍሬ ሽምብራ ስንቱን ልጅ አንቆ አምጥቶብናል።

ቡናውን ደግሞ እባካችሁ። ቡና እንደምወድ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። ግን ፍም ያለበት ምድጃና የሚፈላ ጀበና መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የሚድህ ልጅ በዚያው ክፍል መሬት ላይ መሆን የለበትም። ወይ ልጁ ሰው ይቀፈው፣ ወይ ቡናው እሱ ሲተኛ ይፈላ። ከተቃጠለ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ፣ እያለቀሰም ቢሆን። ኮልጌት አትቀቡ፣ ቅቤ አትቀቡ፣ ዱቄትም አትነስንሱ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

ከሰሉ ቤት ውስጥ አይደር። ብርድ ነው፣ ልብስ አይደርቅም፣ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲሆን አይጎዳም ይላል። ስህተት ነው። የሚገድለው አየር ሽታም ቀለምም የለውም፣ ፍም ብቻ ከሆነውም ይወጣል። ማታ ሁሉም ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ብርድ ነው ብላችሁ አትተኙ፤ በሩን ከፍታችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።

ተቅማጥም በክረምት አይቀርም። ለምለሙን፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዱቄት (ኦ.አር.ኤስ)፣ አንዱን ፓኬት በሙሉ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠራችሁ በብርጭቆ አትበጥብጡ፣ ልኩ ይዛባል። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡትም አይቋረጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ከታየ ግን ቤት አትቆዩ።

ስልክ ስለመስጠት ብዙ ትወቀሳላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጭራሽ አይመክርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። ትክክል ነው፣ እኔም እስማማለሁ። ግን ትኩስ ወጥ ከምድጃ እያወረዳችሁ ለ3 ዓመቱ ልጅ ስልክ ስለሰጣችሁ መጥፎ ወላጅ አትባሉም። ከእግራችሁ ሥር ከሚገባ እሱ ይሻላል። የቀረውን ሰዓት ደግሞ ክረምቱ ራሱ ሥራ አለው። ትልቁን የቡሄ ዱላውን ከአሁኑ እንዲያዘጋጅ አደረግሁት፣ ነሐሴ 13 ሩቅ አይደለም። ኮሪደር ላይ ሆኖ ሆያ ሆዬን ሲያወጣ ሁለቱ «ሆ!» እያሉ ተቀበሉት፣ ቤቱ ተናወጠ፣ ግን «ደበረኝ» ቀረ። ልጅቷ ከለርና ወረቀት ይዛ ለእንቁጣጣሽ አበባ ስትስል ዋለች። አደይ አበባዋን ወይን ጠጅ ቀለም ቀባችው። አላረምኳትም።

አሁን ስለ ንዴት። ትንሿ 9 ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰች። በልታለች፣ ደረቅ ናት፣ ትኩሳት የላትም። እጄ ሲንቀጠቀጥ ታወቀኝ። አልጋዋ ላይ በጀርባዋ አስተኛኋት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ በረንዳ ላይ ወጣሁ፣ ዝናቡን እያየሁ አምስት ደቂቃ ቆምኩ። አልጋው ላይ ሆኖ የሚያለቅስ ልጅ ምንም አይሆንም። የተናደደ ሰው በኃይል የነቀነቀው ሕፃን ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ሊደማ ይችላል፣ ውጪው ላይ ምንም ምልክት ሳይታይ። ስለዚህ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ልጁን አስቀምጡና ውጡ። አታፍሩበት።

ወንዶች ልጆቼ፣ «ሚስቴን አግዛታለሁ» አትበሉኝ። የሰው ሥራ ነው የሚታገዘው፣ ልጁ ግን የራሳችሁ ነው። ከሥራ ስትገቡ እሷም ከሥራ እንዳልወጣች እወቁ፤ አንድ ሰዓት ሁሉንም ልጆች ተረክባችሁ በሩን ዝጉባት፣ ትተኛ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ በር ለበር ያለችውን እናት ስሟን ጠይቁ። እኛ ያደግነው ግቢ ውስጥ ነው፣ ልጅ የሁሉም ነበር፣ ያን ቀን ልጄን ይዤ ስሮጥ ሌሎቹን ማን እንደያዘልኝ እንኳ አልጠየቅሁም። ዛሬ ያ ግቢ የለም። ሦስት እናቶች ተስማምታችሁ ግን በሳምንት ሦስት ከሰዓት በተራ ብትይዙ፣ እያንዳንዳችሁ ሁለቱን ታርፋላችሁ። ለመጠየቅ አትሽኮርመሙ፣ እሷም የሚጠይቃት አጥታ ይሆናል።

ልጄ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ጃንጥላዋ ውሃ ያንጠባጥባል። በሩ ላይ ቆማ ወለሉን አየችው፤ ከለሩ፣ የበቆሎው ቆረቆንዳ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ የረጠበው ሱሪ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች። ስፖንጁን ከእጇ ወሰድኩባት። «ነገ ይታጠባል» አልኳት። ትንሿን ሰጠኋት። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ልጅቷ ጡቷን ይዛ ዓይኗን ከደነች፣ እናትየዋም ብዙ አልቆየች፣ የረጠበ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ትልቁ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ መጥቶ ጫማዋን አወለቀላት።