ስለ አንድ ቱቦ፦ ለወጣት መሐንዲሶች

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ላይ፣ በቅርቡ በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ ወጣት «መሐንዲስ ከንቲባ ቢሆን ለከተማ አይሻልም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይሻላል እንጂ» አልኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩና።

ያገለገልኩት በሰሜን ሸዋ ደጋ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ነው። ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን መንገድ ጌጠኛ ድንጋይ ስናስነጥፍ፣ ቦዩ ላይ ባለ 90 ሴንቲሜትር ቱቦ መቀበር ነበረበት። ስሌቱን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። በጀት አጠረን። ባለ 60ው ቢቀበር በሚተርፈው ገንዘብ ድንጋዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይደርሳል፤ ለምረቃውም ያምራል። ውሃ የማሳለፍ አቅሙ የ90ውን አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑን እያወቅሁ ፈረምኩ። ምክር ቤቱም «መሐንዲስ ነው፣ ያውቃል» ብሎ አልጠየቀኝም።

ከመንገዱ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት ቱቦው ሲወርድ አይተው «ልጄ፣ ይህ ቦይ ነሐሴ ላይ ሲመጣ አታውቀውም፤ በሬ ወስዷል» አሉኝ። ካርታውን ዘርግቼ «እማማ፣ አይስጉ፤ ተጠንቷል» አልኳቸው። ካርታ ማንበብ እንደማይችሉ አውቅ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ዘነበ። ቱቦው በገለባና በጭቃ ታፈነ፤ ጎርፉ መንገዱን ተሻግሮ ግቢያቸው ገባ። ጠዋት ስደርስ ጎተራው ተገንድሶ፣ ገብሱ ከመረሬው ጋር ተለውሶ፣ እርሳቸው ተንበርክከው በእጃቸው ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ገብሳቸው ተመለሱ። እህሉን አስተካንላቸው። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋቸውም፤ ጥፋቱን ማመን ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። በዓመቱ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ።

መሐንዲስነትን የተመኘሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ አባቴ በጭነት መኪና ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው በጣርማ በር ዋሻ ያሳለፈኝ ቀን። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ማን እንደ ቀየሰው ደጋግሜ ጠየቅሁ። ድንጋዩን ማን እንደ ተሸከመ አልጠየቅሁም።

እናንተ ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራላችኋል፤ ከእኛ ትፈጥናላችሁ። ክረምት ላይ ቦት ጫማ አጥልቆ ቦይ ለቦይ የሚሄድ ግን ከመካከላችሁ እያጣሁ ነው። እኔ እርግጥ ቦዩ ዳር ቆሜ ነበር፤ አልሰማሁም እንጂ።

ለዚያ ወጣት የሰጠሁትን መልስ አሁን እጠራጠራለሁ። መሐንዲሱ «አይበቃም» ሲል፣ «ገንዘብ የለም» የሚለው ከንቲባ ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከሩ ነበር። እኔ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ሌሊት ተስማሙ። ቱቦውን በ90 ያስቀየረው ከእኔ በኋላ የመጣው ከንቲባ ነው፤ ሙያው መምህርነት ነበር።